ተፈትቶ በፍላሽ የመጣ አይከን፦ በሊኑክስ ሚንት ላይ ቲምና አይከን ስለ መጫን ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የመጣው በፍኖተ ሰላም ከተማ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ኮምፒውተር ከሚያስተምሩ መምህር ነው። (ለጀማሪ አንባቢ፦ ሊኑክስ ሚንት እንደ ዊንዶውስ ያለ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ነው፤ ሲናመን ሜኑውንና መስኮቶቹን የሚያሳየው ዴስክቶፑ ነው፤ ቲም የመስኮቶቹ መልክ፣ አይከን ደግሞ የፕሮግራምና የፋይል ምልክት ነው።) ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «በላብራቶሪያችን ባሉት 12 አሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ ሊኑክስ ሚንት 22ን ከሲናመን ጋር ጭነናል። ተማሪዎቹ መልኩን እንዲወዱት ብዬ ባሕር ዳር በሄድሁበት አጋጣሚ አንድ ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ፓፒረስ የተባለውን የአይከን ስብስብና አንድ ጠቆር ያለ ቲም አወረድሁ፤ እዚያው ዊንዶውስ ላይ ዚፑን ፈትቼ በፍላሽ ይዤ መጣሁ። ቲሙ ከዝርዝሩ ውስጥ ጭራሽ አይታይም። አይከኖቹ ግማሾቹ ተለወጡ፣ ግማሾቹ ባዶ ወረቀት የመሰለ ምልክት ሆኑ። ጥቂት ፕሮግራሞች ደግሞ ምንም ነገር አልነካቸውም። በአንዱ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛው ጽሑፍ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ቀርቷል። ሁሉንም አጥፍቼ ሊኑክሱን እንደ ገና ልጫነው ይሆን?»

መምህር፣ እንደ ገና መጫን አያስፈልግዎትም። በ12 ኮምፒውተር ላይ ሁለት ቀን ይደክማሉ እንጂ ያው ፍላሽ ያንኑ ችግር መልሶ ያመጣዋል። ያዩዋቸው አራት ምልክቶች አራት የተለያዩ ምክንያቶች አሏቸው፤ ሆኖም ከሁሉ ያስቸገረዎት የአይከኑ ጉዳይ ከስብስቡም ከሚንትም ጉድለት የመጣ ሳይሆን፣ ስብስቡ ከባሕር ዳር እስከ ፍኖተ ሰላም ከተጓዘበት ሁኔታ የመጣ ነው። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእርሱ እሰጣለሁ። የፎልደር፣ የፋይልና የትእዛዝ ስሞችን በፊደላችን የምጽፋቸው እንደሚነበቡ ነው፤ ኪቦርዱ ላይ ግን በላቲን ፊደል ይምቷቸው።

ፓፒረስን የመሰለ ትልቅ የአይከን ስብስብ በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎች አሉት፤ ይህ ማለት ግን በዚያው ልክ የተለያዩ ሥዕሎች አሉት ማለት አይደለም። አንዱ ፕሮግራም የጽሑፍ ማዘጋጃውን ምልክት በአንድ ስም ይጠራዋል፣ ሌላው በሌላ ስም፣ ሦስተኛው ደግሞ ከብዙ ዓመት በፊት በተለመደና ዛሬ በተተወ ስም። አዘጋጆቹ ለእያንዳንዱ ስም ሥዕሉን እየገለበጡ ቢያስቀምጡ ስብስቡ ከልክ በላይ ያብጣል፤ ስለዚህ ሥዕሉን አንድ ጊዜ ብቻ ያስቀምጡና በቀሩት ስሞች ሥር ሲምቦሊክ ሊንክ ያኖራሉ። ሲምቦሊክ ሊንክ በትምህርት ቤትዎ የንብረት መዝገብ ላይ «ዝኒ ከማሁ» ተብሎ እንደሚጻፈው ያለ ነገር ነው፤ በራሱ ምንም አልያዘም፣ የሚናገረው «እዚያ የተጻፈውን ተመልከት» ብቻ ነው። ከመዝገቡ ላይ «ዝኒ ከማሁ» የሚለውን መስመር ብቻ ቀድዶ የወሰደ ሰው ወንበር ይሁን ጠረጴዛ ይሁን የቆጠረው አያውቅም።

ዊንዶውስ ዚፑን ሲፈታ ይህ ፋይል ሊንክ መሆኑን አይገነዘብም፤ እንደ ማንኛውም ፋይል አድርጎ ያወጣዋል። ይህን በዓይንዎ ማየት ይችላሉ። ከፍላሹ ላይ ፓፒረስ የሚለውን ፎልደር ይክፈቱና 48 በ48 ወደሚለው፣ ከዚያም አፕስ ወደሚለው ይግቡ። የፋይል ማሳያውን ወደ ዝርዝር ቀይረው በመጠን ያሰልፉት። እጅግ ትንንሾቹ፣ 20 ወይም 30 ባይት የሆኑት፣ ባንድ በኩል ተሰብስበው ይታይዎታል። ከእነርሱ አንዱን በቴክስት ኤዲተር ይክፈቱት። ትክክለኛ የኤስቪጂ ሥዕል ቢሆን ኖሮ በማዕዘን ቅንፍ የሚጀምር፣ በቁጥርና በቀለም ኮድ የተሞላ ጽሑፍ ባገኙ ነበር፤ እዚህ የሚያገኙት ግን አንድ መስመር ብቻ ነው፣ እርሱም የሌላ ፋይል ስም ነው። ስሙ «ሥዕል ነኝ» ይላል፣ ውስጡ ግን አድራሻ ነው። ሲናመን እንደ ሥዕል ሊያነበው ይሞክራል፣ አልነበብ ይለዋል፣ በምትኩ ያንን ባዶ ወረቀት የመሰለ ምልክት ያስቀምጣል። ግማሾቹ አይከኖች በትክክል የተለወጡልዎትም ለዚሁ ነው፤ የእነርሱ ሥዕል የተቀመጠው በዋናው ስም ስለሆነ ጉዞው አልጎዳቸውም።

«ዊንዶውስ ላይ ባልፈታው፣ ሚንት ላይ ሆኜ እዚያው ፍላሹ ላይ ብፈታውስ?» ይሉ ይሆናል። ያም አይሆንም። በየሱቁ የምንገዛቸው ፍላሾች አብዛኞቹ ፋት 32 ወይም ኤክስፋት በሚባለው አሠራር የተሰናዱ ናቸው፤ ሁለቱም ሲምቦሊክ ሊንክ የሚባል ነገር ማስቀመጥ አይችሉም፣ ስለዚህ በመፍታት ላይ ሳለ ስሕተት እየቆጠረ ይዘላቸዋል። ከዚህም በላይ ትልቁንና ትንሹን የላቲን ፊደል እንደ አንድ ስለሚቆጥሩ፣ በፊደል መጠን ብቻ የሚለያዩ ሁለት ስሞች ቢኖሩ አንዱ ሌላውን ይደርበዋል። ሚንት የተጫነበት፣ ኤክስቲ 4 በሚባለው አሠራር የተሰናዳው ዲስክ ይህ ሁሉ ችግር የለበትም። እንግዲህ ስብስቡ እንደ ታሰረ ይጓዝና በሚያርፍበት ዲስክ ላይ ይፈታ። በእኛ አገር ጤፍ በጆንያ ታስሮ እንጂ በመኪና ላይ ተዘርግፎ አይጫንም።

በፓፒረስ ላይ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ስብስቡ ሲፈታ ፓፒረስ፣ ፓፒረስ ዳርክ እና ፓፒረስ ላይት የሚሉ ጎን ለጎን የተቀመጡ ፎልደሮች ይወጣሉ። የዳርኩንና የላይቱን ከፈተው ቢያዩ ራሳቸውን የቻሉ ይመስላሉ፤ ነገር ግን ትልቁ ክፍላቸው ወደ ዋናው ፓፒረስ የሚያመለክት ሊንክ ነው። እርስዎ ጠቆር ያለ መልክ እንደሚፈልጉ ስለ ገለጹ «ዳርኩ ይበቃኛል» ብለው እርሱን ብቻ ገልብጠው ሊሆን ይችላል። እንደዚያ ከሆነ፣ ሊንኮቹ ጤነኛ ቢሆኑ እንኳ የሚያመለክቱት ቦታ ባዶ ነው። ሁለቱን አብረው ያስቀምጡ።

መፍትሔው እንግዲህ ይህ ነው። በየኮምፒውተሩ የገለበጡትን የፓፒረስ ፎልደር ሙሉ በሙሉ ያጥፉ፤ ላዩ ላይ ደርበው አይገልብጡበት፣ ምክንያቱም የተበላሹት ትንንሽ ፋይሎች ከአዲሶቹ ጋር ተቀላቅለው ይቀራሉ። ከዚያ ያልተፈታው ዋናው ፋይል በእጅዎ ካለ እንዳለ ወደ ሆም ፎልደር ገልብጠው በቀኝ ማውዝ «ኤክስትራክት ሂር» ይበሉት። እንደ ገና የሚያወርዱ ከሆነ ከዚፕ ይልቅ ታር ጂዚ የሚለውን የጥቅል ዓይነት ይምረጡ። ኒሞ፣ ማለትም የሲናመን ፋይል ማሳያ፣ በሊንክ ላይ ትንሽ ቀስት ስለሚያደርግ ከፈቱት በኋላ አፕስ ፎልደር ውስጥ ቀስቶቹን ካዩ ነገሩ ተስተካክሏል ማለት ነው። ሲፈታ «ፋይሉ ሳይጠበቅ አለቀ» የሚል ስሕተት ከመጣ ደግሞ ማውረዱ በመካከል ተቋርጦ ነበር፤ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ኢንተርኔት ቤት ይህ ብርቅ አይደለም፣ ጎዶሎውን ፋይል ከመጠገን እንደ ገና ማውረድ ይቀላል።

ለእርስዎ ላብራቶሪ ግን እኔ የምመርጠው ሌላ መንገድ ነው። ፓፒረስ በሚንት 22 የሶፍትዌር ማከማቻ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። አንዱን ኮምፒውተር ለጥቂት ጊዜ ከስልክዎ ሆትስፖት ጋር ያገናኙና ተርሚናል፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበትን መስኮት፣ ከፍተው «አፕት ዳውንሎድ» ካሉ በኋላ ፓፒረስ፣ አይከን፣ ቲም የሚሉትን ሦስት ቃላት በአጭር ሰረዝ አያይዘው ይጻፉ። መጨረሻው ዴብ የሆነ አንድ ፋይል ይወርዳል። ይህ ፋይል የታሰረ ጥቅል ስለሆነ በፋት 32 ፍላሽ ላይ ቢጓዝ ምንም አይሆንም፤ በ12ቱም ኮምፒውተሮች ላይ ሁለት ጊዜ ተጭነው የይለፍ ቃል ሲሰጡት ይጫናል፣ ሊንኮቹንም በትክክለኛው ዲስክ ላይ እርሱ ራሱ ይሠራቸዋል። የማከማቻው እትም ከአዘጋጆቹ ገጽ ላይ ካለው ጥቂት ወራት ሊያረጅ ይችላል፤ ለተማሪዎች ላብራቶሪ ይህ ልዩነት ቦታ የሚሰጠው አይደለም።

ሌላም ጥቅም አለው። በጥቅል የተጫነ ስብስብ የሚቀመጠው ዩኤስአር፣ ከዚያ ሼር፣ ከዚያ አይከንስ በሚለው የሥርዓቱ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ በዚያ ኮምፒውተር አካውንት ያለው ተማሪ ሁሉ ያገኘዋል። በሆም ፎልደር ሥር በነጥብ በሚጀምረው አይከንስ ፎልደር ውስጥ ያስቀመጡት ግን የእርስዎ ብቻ ነው። ይህ በነጥብ የሚጀምር ፎልደር የተደበቀ ነው፤ ኮንትሮልንና ኤችን አብረው ሲጫኑ ብቅ ይላል፣ ከሌለም ይፍጠሩት። ለቲም የሚሆነው ወንድሙ በነጥብ የሚጀምረው ቲምስ ነው።

አይከን እንዴት እንደሚፈለግ ካወቁ ብዙ ነገር ራስዎ ይፈቱታል። በሜኑ ላይ ያለ እያንዳንዱ ፕሮግራም መጨረሻው ዴስክቶፕ የሆነ አንድ ትንሽ የጽሑፍ ፋይል አለው፤ በውስጡ «አይከን» ብሎ የሚጀምር መስመር ይገኛል። እዚያ መስመር ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ መጠንም ቅጥያም የሌለው ባዶ ስም ነው። ሲናመን ያንን ስም ይዞ መጀመሪያ እርስዎ በመረጡት ስብስብ ውስጥ ይፈልጋል፤ ካጣው በስብስቡ ኢንዴክስ ቲም ፋይል ላይ «ኢንሄሪትስ» በሚለው መስመር ወደ ተጠቀሱት ስብስቦች በተራ ይሄዳል፤ ከዚያም ካጣው በመጨረሻ ሃይከለር ወደሚባለው ሁሉም ወደሚያርፍበት ስብስብ ይመጣል። ይህ አሠራር ፍሪዴስክቶፕ በሚባለው የጋራ መድረክ የተደነገገ ስለሆነ በሲናመንም፣ እንደ ኤክስኤፍሲኢና ኬዲኢ ባሉት ሌሎች ዴስክቶፖችም ያው ነው። እኔ ደብረ ማርቆስ ላይ ጥገና በጀመርሁበት ዘመን የአንድ መሥሪያ ቤት ኮምፒውተር ዲስኩ ሞልቶ ቦታ ሳስለቅቅ ሃይከለርን ማንም ያልመረጠው አሮጌ ቲም መስሎኝ አጠፋሁት። እውነት ነው፣ ማንም አይመርጠውም፤ ሁሉም ግን መጨረሻ ላይ እርሱ ጋ ይመጣል። በማግሥቱ ጸሐፊዋ ሜኑውን ስትከፍት ምልክት የነበረበት ግማሹ ቦታ ባዶ ሆኖ ጠበቃት፣ እኔም እንደ ገና ጭኜ ይቅርታ ጠየቅሁ።

አንዳንድ ፕሮግራም «አይከን» በሚለው መስመር ላይ ባዶ ስም ሳይሆን ሙሉ የፋይል አድራሻ ይጽፋል። እንዲህ ያለው ከየትኛውም ስብስብ ጋር አይለወጥም፤ ምክንያቱም ፍለጋ የሚባል ነገር የለም፣ በቀጥታ ወደ አድራሻው ይሄዳል። ከማከማቻው ውጭ በተጫኑ ፕሮግራሞች ላይ ይህን ብዙ ጊዜ ያዩታል። ሊለውጡት ከፈለጉ የሥርዓቱን ፋይል አይንኩ፤ ሜኑውን በቀኝ ማውዝ ተጭነው በሜኑ ማስተካከያው በኩል አዲስ ምልክት ይስጡት፣ ለውጡ በእርስዎ ሆም ውስጥ ይቀመጣል።

አሁን ወደ ካሹ። ይህን በጥንቃቄ እንዲያነቡልኝ እፈልጋለሁ፤ ሁሉንም በትክክል አድርጎ «አሁንም ያው ነው» የሚል ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ ፋይሎችን በየጊዜው ማሰስ ስለሚያዘገይ፣ በአይከን ስብስቡ ላይኛ ፎልደር ውስጥ አይከን ቲም ካሽ የሚባል አንድ ፋይል ሊኖር ይችላል፤ የትኛው ስም የት እንዳለ የተመዘገበበት ማውጫ ነው። ጂቲኬ፣ ማለትም ብዙ የሊኑክስ ፕሮግራሞች መስኮታቸውንና ምልክታቸውን የሚስሉበት የጋራ ላይብረሪ፣ ይህን ማውጫ ከማመኑ በፊት ቀኑን ከላይኛው ፎልደር ቀን ጋር ያስተያያል፤ ፎልደሩ ከማውጫው በኋላ ከተነካ ማውጫውን ትቶ ራሱ ያስሳል። ችግሩ በውስጠኛው ፎልደር፣ ለምሳሌ 48 በ48 ሥር ባለው አፕስ ውስጥ፣ ፋይል ሲጨምሩ ወይም ሲቀንሱ የላይኛው ፎልደር ቀን አለመለወጡ ነው። ስለዚህ ማውጫው ያረጀ ሆኖ ሳለ አዲስ ይመስላል፤ እርስዎ ያስገቡት ሥዕል በዲስኩ ላይ አለ፣ በማውጫው ላይ ግን የለም፣ ኮምፒውተሩም የሚያምነው ማውጫውን ነው። ማደሻው ጂቲኬ፣ አፕዴት፣ አይከን፣ ካሽ የሚሉት ቃላት በሰረዝ ተያይዘው የሚጻፉበት ትእዛዝ ነው፤ ከእርሱ ቀጥሎ ሰረዝ ኤፍ፣ ከዚያም የስብስቡ ፎልደር አድራሻ ይከተላል። ያቺን ሰረዝ ኤፍ አይርሷት፤ ያለ እርሷ ትእዛዙም እንደ ጂቲኬ በቀኑ ተታልሎ «የታደሰ ነው» ብሎ ሊተወው ይችላል። ትእዛዙ ካስቸገረዎት የካሹን ፋይል ማጥፋትም ይቻላል፣ ትንሽ ይዘገያል እንጂ የሚጎዳ ነገር የለውም። በዴብ ጥቅል ሲጫን ይህ ሁሉ በራሱ ይከናወናል፤ ያንን መንገድ ያስቀደምሁበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከዚህ በኋላ ኮንትሮል፣ ኦልትና ኢስኬፕን አብረው ሲጫኑ ሲናመን የተከፈቱትን ሥራዎች ሳይዘጋ ራሱን እንደ ገና ይጀምራል።

ቲሙ በዝርዝሩ ውስጥ ያልታየበት ምክንያት ከዚህ የተለየና ቀላል ነው። ከፕሮጀክት ገጽ በዚፕ የወረደ ቲም ሲፈታ ብዙ ጊዜ ማስተር ወይም ሜይን የሚል ጭራ ያለው አንድ ውጫዊ ፎልደር ይሠራል፣ ትክክለኛው ቲም በእርሱ ውስጥ ይሆናል። እርስዎ ውጫዊውን እንዳለ ቲምስ ውስጥ ካስቀመጡ ሲናመን አንድ ደረጃ ብቻ ስለሚገባ አያገኘውም። የቲሙን ፎልደር ሲከፍቱ ወዲያው ጂቲኬ 3 ነጥብ 0 የሚል ፎልደር፣ በእርሱም ውስጥ ጂቲኬ ሲኤስኤስ የሚል ፋይል መታየት አለበት። ሲናመን የሚል ፎልደር ካለ ቲሙ ፓኔሉንና ሜኑውን ጭምር ይቀይራል፤ ከሌለ በዴስክቶፕ ምርጫ ሥር ባይታይ አይደነቁ፣ ለዚያ አልተሠራም። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር ኤስአርሲ የሚል ፎልደርና ኢንስቶል የሚል ስክሪፕት ብቻ ካገኙ፣ ያወረዱት ገና ያልተቦካ ዱቄት ነው፤ በአዘጋጁ መመሪያ መሠረት መሠራት ይቀረዋል፣ ወይም ተሠርቶ ያለቀው በዚያው ገጽ ላይ በሌላ ስም ይገኛል።

ሚንት 22 ላይ የቲም ሴቲንግ ሲከፍቱ መጀመሪያ የሚመጣው ቀለምና የብርሃን መጠን ብቻ የሚያስመርጠው ቀላል ገጽ ነው። እርስዎ የሚፈልጉት አድቫንስድ ሴቲንግስ ከሚለው በስተኋላ ነው፤ እዚያ የማውዝ ጠቋሚው፣ የፕሮግራሞቹ መልክ፣ አይከኑና ዴስክቶፑ ለየብቻ ይመረጣሉ። አንዱን መርጠው ሌላው አብሮ ይለወጣል ብለው አይጠብቁ። በጣም ደካማ በሆኑት ኮምፒውተሮች ላይ ወደ ኤክስኤፍሲኢ ለመዛወር ቢያስቡ፣ በዚያ የመስኮቱ ጠርዝ በዊንዶው ማኔጀር፣ የቀረው ደግሞ በአፒራንስ በኩል እንደሚለወጥ ይያዙልኝ።

«ምንም ነገር አልነካቸውም» ያሏቸው ፕሮግራሞች ምክንያታቸው አንድ አይደለም፤ የትኞቹ እንደሆኑ በስም ስላልጻፉልኝ የተለመዱትን ልጥቀስ። እ.ኤ.አ. በ2011 የወጣው ጂቲኬ 3 ቲምን በነጻነት ይቀበላል። ከእርሱ ቀጥሎ በ2020 መጨረሻ ጂቲኬ 4 መጣ፤ በ2021 መጨረሻ ደግሞ ሊብአድዋይታ የሚባለው፣ የኖም (የሌላ ዴስክቶፕ) ላይብረሪ የመጀመሪያ እትሙ ወጣ። በሊብአድዋይታ የተሠራ ፕሮግራም የራሱን መልክ ይዞ ስለሚመጣ እርስዎ የመረጡትን ቲም አይሰማም፤ ብርሃናማ ወይም ጨለማ መሆንን ብቻ ይቀበላል። ይህ ስሕተት ሳይሆን አዘጋጆቹ አስበው ያደረጉት ነው። የሚንት ሰዎች በዚህ አልተስማሙም፤ በሐምሌ 2024 (እ.ኤ.አ.) ሚንት 22ን ሲያወጡ የሒሳብ ማሽኑን፣ የስካነሩን፣ የቀን መቁጠሪያውንና የመሳሰሉትን ጥቂት የኖም ፕሮግራሞች ሆን ብለው ወደ መጨረሻዎቹ የጂቲኬ 3 እትሞች መለሷቸው። በእኔ አስተያየት ለእንደ እርስዎ ላለ ላብራቶሪ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር። ስለዚህ ከሚንት ጋር የመጡት ይታዘዙልዎታል፣ ከሌላ የጨመሩት አንዳንዱ ላይታዘዝ ይችላል፤ ከእርሱ ጋር መታገሉን አልመክርም።

በፍላትፓክ፣ ማለትም ፕሮግራሙን ከሥርዓቱ ለይቶ በሚያስቀምጥ የአጫጫን ዘዴ፣ የተጫነ ፕሮግራም ደግሞ በራሱ አጥር ውስጥ ስለሚኖር የሥርዓቱን ቲም ፎልደር አያይም፤ ለታወቁት ቲሞች ለፍላትፓክ ተብሎ የተዘጋጀ ጥቅል አለ፣ እርሱን መጫን ይጠይቃል። የአስተዳዳሪ የይለፍ ቃል ጠይቆ የሚከፈት ፕሮግራም ብቻውን አስቀያሚ ሆኖ ከታየ ቲሙ በእርስዎ ሆም ውስጥ ስላለና ያ ፕሮግራም የሚሠራው በሌላ ተጠቃሚ ስም ስለሆነ ነው፤ ቲሙን ዩኤስአር ሥር ወዳለው ቲምስ ሲያዛውሩት ይስተካከላል። ሲያዛውሩ ሁሉም ተጠቃሚ ፎልደሩን የማንበብ ፈቃድ እንዲኖረው ያረጋግጡ፤ ያለዚያ ለእርስዎ ይታያል፣ ለተማሪው አይታይም። የቪዲዮ ማጫወቻው ቪኤልሲ የተሠራው ኪውቲ በሚባል ከጂቲኬ በተለየ ላይብረሪ ስለሆነ የጂቲኬ ቲም ሙሉ በሙሉ አይመለከተውም። ሊብረ ኦፊስ የመሣሪያ አሞሌ አይከኖቹን የሚወስደው ከራሱ ምርጫ ነው፤ ቱልስ፣ ከዚያ ኦፕሽንስ፣ ከዚያ ቪው በሚለው ገጽ ላይ ይቀየራል።

ሳጥን ሳጥን የሆነው አማርኛ በቲሙ አይሳበብ። ፊደላችን በዩኒኮድ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የየቋንቋውን ፊደል በሚለዩበት የጋራ ኮድ፣ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በእትም 3.0 ነው፤ ሳጥኑ የሚታየው ኮምፒውተሩ ፊደሉን ስላላወቀው ሳይሆን ቅርጹን የሚስልበት ፎንት በዚያ ማሽን ላይ ስላጣ ነው። ተርሚናል ላይ ኤፍሲ ሰረዝ ሊስት ብለው፣ ክፍት ቦታ ትተው፣ ሁለት ነጥብ፣ ላንግ፣ እኩል ይሆናል፣ ኤኤም ብለው ቢጽፉ አማርኛ የሚችሉ ፎንቶች ይዘረዘራሉ፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ባዶ ከመለሰ፣ በጎረቤቱ ላይ ስም ከዘረዘረ፣ ነገሩ ተረጋገጠ። አቢሲኒካ ወይም ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ የሚባለውን የፎንት ፋይል ከጤነኛው ኮምፒውተር በፍላሽ ወስደው ሁለት ጊዜ በመጫን ያስገቡት። ፎንት ሊንክ የሌለው አንድ ፋይል ስለሆነ የፍላሹ ጉዞ አይጎዳውም። ሳጥኑ ከተወገደ በኋላ ፊደሉ በፓኔሉ ላይ ከላይ ወይም ከታች የተቆረጠ ከመሰለ ግን ያኔ ቲሙን መጠርጠር ይቻላል፤ ብዙ ቲሞች የሚሠሩት ለላቲን ፊደል ቁመት ስለሆነ የፓኔሉን ከፍታ በጥቂት ፒክስል መጨመር ይበቃል።

ሁለት ማሳሰቢያዎች ቀርተውኛል። ቲም ተራ ሥዕልና ቀለም ነው ብለን እናስባለን፤ ከቲሙ ጋር የሚመጣ የመጫኛ ስክሪፕት ግን ማንኛውንም ነገር ማድረግ የሚችል ፕሮግራም ነው። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 አንድ ተጠቃሚ ከኬዲኢ ማከማቻ ግሎባል ቲም ጭኖ በውስጡ በነበረው ስሕተት ምክንያት የግል ፋይሎቹ ተደምስሰውበታል፤ ኬዲኢም ተጠቃሚዎች እንዲጠነቀቁ አሳስቧል። ክፋት ታስቦበት እንኳ አልነበረም። ስለዚህ በአስተዳዳሪ ሥልጣን አስኪዱኝ የሚል ስክሪፕት በላብራቶሪው ላይ ከማስኬድዎ በፊት ከፍተው ያንብቡት፣ ወይም ፎልደሩን በእጅ በማስቀመጥ የሚጫነውን ቲም ይምረጡ።

ሁለተኛው፣ አዲስ ቲም መርጠው ማያው ቢጠቁርብዎት ወይም ፓኔሉ ቢጠፋ አይደናገጡ። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 2ን አብረው ይጫኑ፤ ጥቁር የጽሑፍ ገጽ ይመጣል። በስምዎና በይለፍ ቃልዎ ይግቡና በኤምቪ ትእዛዝ በነጥብ የሚጀምረውን ቲምስ ፎልደር ሌላ ስም ይስጡት። ከዚያ በኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ 7 ወደ ዴስክቶፑ ተመልሰው ኮምፒውተሩን እንደ ገና ያስነሱት። ሲናመን የመረጡትን ቲም ሲያጣው በራሱ መልክ ይከፈታል፤ ከዚያ ወደ ቲም ሴቲንጉ ገብተው ሚንት ዋይን ይምረጡ፣ የተበላሸውንም ቲም በሰላም ያጥፉት።